የጦርነት ልቦለድና የአርበኛ ትዝታ እንዴት ይነበባል? ግማሹን ብቻ መውደድም ይቻላል

ጦርነት ላይ ስለተጻፈ መጽሐፍ አስተያየት መስጠት እኛ ዘንድ ጣጣ አለው። ልቦለድ ከሆነ «ታሪክ አበላሸ» የሚል ሰው አይጠፋም። ትዝታ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሰውየው ዱር ቤቴ ብሎ፣ ቆስሎ፣ ታስሮ የጻፈውን «መሐሉ ላይ ደከመኝ» ብትሉ ከአገር ወዳድነት መዝገብ የምትሰረዙ ይመስላችኋል። ስለዚህ ወይ «ግሩም መጽሐፍ!» ብለን እናልፋለን፣ ወይ ዝም።

እኔ የወደድኳቸውን የጦርነት መጻሕፍት አብዛኞቹን ያነበብኩት እየተደነቅኩም እየተነጫነጭኩም ነው። እንዲህ ማንበብ ደራሲውን መናቅ አይደለም፤ እንደውም ከጭፍን ውዳሴ የበለጠ ማክበር ነው ባይ ነኝ። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። ምሳሌዎቼ በብዛት ከጣሊያን ወረራ ዘመን ናቸው። በዚያ ዘመን ላይ ልቦለዱም፣ የአርበኛው ትዝታም፣ የውጭ ሰው ምስክርነትም፣ የታሪክ ጥናቱም ስላለ እያስተያዩ ለማንበብ ይመቻል።

መቼ ተጻፈ? መቼስ ታተመ?

ምዕራፍ አንድን ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ዓመቶች ፈልጉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያው ክፍል የተጻፈው በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ነው። አማርኛው ታትሞ አንባቢ እጅ የገባው ግን በ1965 ዓ.ም ነው፤ ዙፋኑ ሊገለበጥ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ማለት ነው። ንጉሡ ሲጽፉት አገሩ በጠላት እጅ ነበር፣ ዓለም ፊቱን አዙሮ ነበር፣ እሳቸውም ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም በባቡር ወደ ጅቡቲ የወጡበትን ውሳኔ ማስረዳት ነበረባቸው። ይህን ካወቃችሁ አጻጻፉ ለምን እንደ ጠበቃ ክርክር እንደሚሄድ ይገባችኋል። ለእኔ እንደ መጽሐፍ ደረቅ ነው። እንደ ማስረጃ ግን ከመደርደሪያዬ አላወጣውም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በሽሬ ግንባር ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ደሴት ላይ ታስረው የነበሩ ሰው ናቸው። «ትዝታ»ን ያሳተሙት በ1985 ዓ.ም ነው፤ ከዘመቻው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ። ያን ያህል የቆየ ትዝታ የራሱ ጠባይ አለው። ሰውየው ረጋ ብሏል፣ የሚፈራው ባለሥልጣን የለም፣ የወጣትነት ስሜቱን ከሩቅ ሆኖ ያየዋል። በዚያው ልክ ግን ድሮ የተዘበራረቀው ሁሉ መልክ ይዟል። ማንም ሰው አንድን ታሪክ ሃምሳ ዓመት ሲያወራው ይሳልለታል።

በዓሉ ግርማ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ኦሮማይ» የተባለው ልቦለዱ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ካካሄደው ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ቀጥሎ፣ በ1975 ዓ.ም፣ ገና ሳይቀዘቅዝ ወጣ። ወዲያው ታገደ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ትኩስ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ዋጋ ሲያስከፍል አንባቢው ቢያንስ ትኩስነቱን መለየት አለበት።

ሌላው ነገር ሳንሱር ነው። በንጉሡም በደርግም ጊዜ የሚታተም ነገር በመርማሪ እጅ ያልፍ ነበር። ስለዚህ በ1950ዎቹ የታተመ የአርበኛ ታሪክ ስለ ንጉሡ መሄድ ዝም ካለ ደራሲው ግድ ስላልነበረው አይምሰላችሁ። ያልተጻፈውን ፈልጉ። ከ1933 በኋላ ብዙ አርበኛ ሹመቱን፣ መሬቱን፣ ማዕረጉን ሲጠብቅ ጠላትን ያገለገለ ሰው ቀድሞት ሲሾም አይቷል፤ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀም በ1937 ዓ.ም በራሱ መንግሥት ተሰቅሏል። ይህ ቅሬታ በየትዝታው ገጽ ስር አለ። አንዳንዱ ደራሲ የምስክር ስም እየዘረዘረ «እገሌ ያውቃል፣ እገሌም ነበረ» የሚለው ለእኛ ለአንባቢዎቹ ብሎ አይደለም። የሚሞግተው ሌላ ሰው አለ።

እርሳስ ያዙ

ትዝታ ሳነብ ዳር ዳሩን ሁለት ፊደል እጽፋለሁ፤ «አ» ላየው፣ «ሰ» ለሰማው። ለማሳየት ያህል እኔው የፈጠርኩት አንቀጽ ይኸው፦

«ጠላት ከማለዳው በአውሮፕላን ደበደበን። በቅሎዬ ሆዷን ተመታች፣ ስንቄም ከእሷ ጋር ገደል ገባ። በዚያ ቀን ከጠላት ወገን 3 ሺህ ሰው አለቀ። ጃንሆይም ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ደስ አላቸው።»

በቅሎዋ «አ» ናት፤ ሆዷን መመታቷን ሳይቀር ነግሮናል። 3 ሺሁን ማን ቆጠረው? ሰውየው እየሸሸ፣ ስንቁ ገደል ገብቶ? «ሰ»። የጃንሆይ ደስታም «ሰ»፣ ምናልባትም ከ«ሰ» በታች። ምዕራፉ ሲያልቅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ ዳር ዳሩን እዩት። «ሰ» ከበዛ የምታነቡት የሰፈሩን ወሬ ነው ማለት ነው። ወሬውም ቢሆን አይጣልም፤ ወታደሩ በዚያ ሌሊት ምን እያለ እንዳደረ ይነግራችኋል።

ደግሞ ፉከራን አትርሱ። የእኛ አርበኛ ያደገው በቀረርቶና በሽለላ ነው። ገድሉን ሲናገር ያ ድምፅ በጽሑፉም ውስጥ ይገባል። በፉከራ የተባለን ቁጥር ሒሳብ አድርጎ መደመር የአንባቢው ጥፋት ነው፤ ፎካሪው ደንቡን ነው የጠበቀው።

«እዚያው ነበርኩ» የሚለውም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ታዋቂው የጣሊያን ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወረራው ጊዜ የኤርትራ አስካሪዎችን (ለጣሊያን ያደሩ ወታደሮችን) የሚመራ መኮንን ነበር። ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ አልተጣለም እያለ ለብዙ ዓመታት ተሟግቷል፤ መከራከሪያውም ያው እዚያ መኖሩ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ ግን ሰነድ እያወጣ ሞገተው። በ1988 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1996) የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ አመነ፣ ሞንታኔሊም እጁን ሰጠ። ሰውየው ዋሽቶ ሊሆን ይችላል። እሱ በነበረበት በኩል ጋዝ ሳይጣል ቀርቶም ሊሆን ይችላል። አንድ ወታደር የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሸንተረር ነው። ይህ ለጠላት ወታደር ከሠራ ለእኛም አርበኛ ይሠራል።

ቁጥርና ቀን

ዓመተ ምሕረቱን ካላስተካከላችሁ መጻሕፍቱን ማስተያየት አትችሉም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ በእኛው ላይ 7 ደምሩ፣ ከዚያ ወዲያ 8። ወረራው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ሲሆን በፈረንጆቹ ጥቅምት 3 ቀን 1935 ነው። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው፤ በእነሱ መጋቢት 31 ቀን 1936 ይሆናል። በትርጉም መጽሐፍ ውስጥ «በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ» የሚል ካያችሁ ተርጓሚው «እ.ኤ.አ.» ማለት ረስቷል፤ በእኛ 1935 ጣሊያን ከተባረረ ሁለት ዓመት ሆኖታል! ሰዓቱም ያው ነው። የፈረንጁ 12 የእኛ 6 መሆኑን የዘነጋ ትርጉም ስንቱን ውጊያ በሌሊት አዋግቶታል።

የሟች ቁጥር ሌላ ጉድ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ለተጨፈጨፈው ሰው የኢትዮጵያ መንግሥት የያዘው ቁጥር 30 ሺህ ነው። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ ደግሞ ወደ 19 ሺህ ይገምታል። ደብረ ሊባኖስ ገዳም ላይ ለተገደሉት የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስተላለፈው ቁጥር ሲደመር 449 ነው፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ድረስ ያደርሰዋል። ነገሩን አያችሁት? አንዴ የእኛ ቁጥር ከጥናቱ ይበልጣል፣ አንዴ ደግሞ ማኅተም ያለው የገዳዩ ቴሌግራም ከእውነቱ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ «ሰነድ ነው» ሲባልም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ልቦለድ ውስጥ ቁጥር ሲመጣ ግን እኔ አልጨቃጨቅም፣ አልፋለሁ።

ልቦለዱን በምን እንለካው?

በጦርነቱ ካርታ አትለኩት። ደራሲው ተምቤንን ከሽሬ ቢያምታታ በሚቀጥለው እትም ይታረማል። እኔ የማየው ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚጫሙ፣ እንዴት እንደሚጠራሩ ነው።

የ1928ቱ ወታደር አብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የዘመተው፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ። የሚሸከመውም፣ የሚያበስለውም፣ ውኃ የሚቀዳውም ከኋላው የሚከተል ሰው ነበር፤ ሚስት፣ ገረድ፣ አሽከር። ሴት የሌለበት፣ በቅሎ የሌለበት፣ ማንም የማይርበው ጦር ያለበት ልቦለድ ካጋጠማችሁ ደራሲው የጻፈው ከፊልም ነው። አብዛኛው ዘማች ባዶ እግሩን ነበር። የሰናፍጭ ጋዙ ሣሩ ላይ እንደ ጤዛ ተረጭቶ የሄደበትን እግር የላጠው ለዚህ ነው። ሁሉንም ቡትስ ያጫማ ደራሲ ጋዙን ሊያሳየን አይችልም።

አነጋገሩም አለ። ደጃዝማቹን «አንተ» የሚል አሽከር፣ ገጠር ጎጆ ውስጥ የሚጮህ ሬዲዮ፣ «አቦ አትጨናነቅ» የሚል የጎጃም ገበሬ። እንዲህ ያለው አንዴ ከሆነ ይታለፋል። በየገጹ ከሆነ መጽሐፉን ዝጉት፣ ሕይወት አጭር ናት።

የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ብዙ ሰው የተጨቃጨቀበት ለዚህ ይመስለኛል። በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር የገባው የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነው። ንጉሡ ሲሰደዱ አርበኞቹ ንጉሡን የሚመስል ገበሬ እሳቸውን አስመስለው ያቆማሉ፣ ወታደሩም አይቶ ይጽናናል። «ይህ የት ታሪክ ላይ አለ?» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ልቦለድ ነዋ! የወደድኩት ገረዲቱን ሂሩትን ከፊት ማምጣቷን ነው፤ ስንቅ ተሸካሚዋ ጠመንጃ ትይዛለች፣ ያውም የገዛ ጌታዋ እያሠቃያት፣ ጀግናውና አሠቃዪው አንድ ሰው ሆኖ። በአማርኛ ትዝታዎቻችን ውስጥ ይህን የደፈረ ብዙ አላየሁም። ያልወደድኩት ደግሞ ቋንቋው ነው። ከብዶ ከብዶ አንዳንድ ቦታ ሰዎቹ ይሰወሩብኛል። ጃንሆይ ቁጭ ብለው የቬርዲን አይዳ የሚሰሙባቸው ክፍሎች ሐሳባቸው ድንቅ ነው፣ ለእኔ ግን ተደጋገሙ።

«ኦሮማይ» ላይም ያው ነኝ። ስብሰባዎቹ፣ የባለሥልጣናቱ ወሬ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ እየተጠራጠረም ፕሮፓጋንዳውን መሥራቱ፣ የአስመራ ምሽት፣ ይሄ ሁሉ አንደኛ ነው። ፍቅረኛው ፊያሜታ ግን ለእኔ ከሰው ይልቅ ምኞት ትመስላለች፤ እሷ በገባችባቸው አንዳንድ ገጾች ላይ ጦርነቱ ቆሞ ይጠብቀናል። ይህን ስላልኩ የተቆጣኝ ወዳጅ አለ፣ እስካሁንም አልተስማማንም።

ባንዳውን እዩት

አንድ ልቦለድ ጥሩ መሆኑን ቶሎ ማወቅ ከፈለጋችሁ ባንዳው ያለበትን ምዕራፍ ፈልጉ። ሲገባ የሚያሽቋልጥ፣ ሲወጣ የሚረገም፣ መጨረሻው ላይ እንደ ውሻ የሚሞት ከሆነ ደራሲው አላሰበበትም። በእውነተኛው ዘመን ሰው ለጠላት ያደረው በረሃብም፣ በደም ቂምም፣ በርስት ክርክርም፣ ልጁ ስለታሰረበትም ነው። ተመልሶ ጫካ የገባም ሞልቷል። የካቲት 12 ቀን ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለቱ አንዱ፣ አብርሃ ደቦጭ፣ ጣሊያን መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በዋዜማው መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር አስቡት። ይህን የሚያህል ነገር በእጃችን እያለ የካርቶን ባንዳ የሚጽፍ ደራሲ ያናድደኛል።

ለትዝታም ይሠራል። ደራሲው ስለ ከዳው ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ እንዴት እንደሚያወራ እዩ። ስሙን ይጠራል? ይሸፍናል? ምክንያቱን ይነግረናል? ከውጊያው ገለጻ ይልቅ ስለ ደራሲው የሚነግራችሁ እዚህ ላይ ነው።

የውጭ ሰው ሲያደንቀን

አዶልፍ ፓርለሳክ የሚባል ቼክ በሰሜን ግንባር ከእኛ ጦር ጋር ነበር፤ መጽሐፉን ተጫነ ጆብሬ መኮንን «የሐበሻ ጀብዱ» ብለው ተርጉመውት ብዙ አንባቢ አግኝቷል። አስደሳች ነው፣ ይፈስሳል፣ ትርጉሙም ያምራል። ግን የምንወደው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ፈረንጅ ጀግንነታችንን ስለመሰከረልን ነው። ስለዚህ «አ» እና «ሰ»ን እሱ ላይ ስታደርጉ እርሳሱን ጠበቅ አድርጉ። ሲያመሰግነን የምናምነውን ሰው ሲነቅፈን «ፈረንጅ ምን ያውቃል» ካልን አላነበብነውም።

ሐሳብ ስትሰጡ

ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መጽሐፉ ተናገሩ፤ ያን ለይታችሁ አስቀምጡት። «እኚህ አባት ያደረጉትን እኔ አላደርገውም፤ መጽሐፉ ግን አርታኢ ይፈልግ ነበር» ማለት ይቻላል፣ ማንንም አይሰድብም። ብዙ የአርበኛ ትዝታ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ከእጅ ጽሑፍ አንስተው ያሳተሙት ነው። ምንም መቀነስ ስለከበዳቸው የትውልድ ሐረጉ፣ የምስጋናው፣ የሜዳይ ፎቶው፣ የባለሥልጣን መቅድሙ ብዛት አያድርስ። ዝለሉት። ተኩሱ የሚጀምርበት ገጽ ሂዱና ሰውየውን ስትወዱት ተመልሳችሁ የዘር ሐረጉን አንብቡ፤ ያን ጊዜ ማን የማን አጎት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። የስም ማውጫ ስለማይኖረው መጨረሻ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የራሳችሁን ሥሩ፤ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ገጽ። ሌላ ትዝታ ስታነቡ ያቺ ገጽ ወርቅ ናት።

የወደዳችሁትን ስትናገሩ «ልብ የሚነካ» አትበሉ፣ ገጹን ጥቀሱ። ያልወደዳችሁትንም እንደዚሁ።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አንብቡ። የሐዲስን «ትዝታ» ካነበባችሁ የልዑል ራስ እምሩን «ካየሁት ከማስታውሰው» አስከትሉ። አንዱ አዛዥ፣ አንዱ ከአዛዡ በታች፤ ሁለቱም ጎጀብ ላይ እጃቸው ከተያዘ በኋላ ፖንዛ ደሴት የታሰሩ። (ሙሶሊኒ በ1935 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርድ ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ ራስ እምሩ በታሰሩበት ቤት መቀመጡን ልቦለድ ውስጥ ብታነቡት «ተጋነነ» ትሉ ነበር።) «ኦሮማይ»ን ከደርግ ባለሥልጣናት ትዝታ ጋር አስተያዩት፣ በሌላው ወገን ተሰልፎ ከነበረ ሰው ጽሑፍ ጋርም ጭምር። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁ «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን በእንግሊዝኛ ያንብብ፣ እናንተ ትዝታውን በአማርኛ አንብቡ፣ ከዚያ እራት ላይ ተጨቃጨቁ። መጻሕፍቱን ገበያ ላይ ካጣችኋቸው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) ሞክሩ፣ ወይም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው፤ የካቲት 12 ቦምቡ የፈነዳበት ቤተ መንግሥት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

«ኦሮማይ»ን ግን ጠዋት ሥራ ካላችሁ ማታ አትጀምሩት።